«ዶክተር፣ ጉልበቴ ባይሆን ኖሮ…»፦ ኳስ ለምትጫወት ልጅ ማንም የማይነግራት የጤና ነገር

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም የማወራችሁ። ስለ ኳስ ነው። አዎ፣ ስለ ሴቶች ኳስ። «ዶክተሩን ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ አንብቡት፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ ልላችሁ ነበር፣ ግን ስለ ቡናም የምለው ነገር ስላለ ቆይ።

አንድ ቅዳሜ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ሴቶች ስለ ደም ማነስ ትንሽ ትምህርት እንድሰጥ ተጋብዤ ሄድኩ። ቦታውን ለማታውቁት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል ነው፣ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስመር በሚያልፍበት አካባቢ። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ በወረቀት ላይ ነጻ የንግድ ቀጠና ሆኗል፣ ለአገራችንም የመጀመሪያው ነው። ባጃጅ ስትይዙ ግን «ኢንዱስትሪ ፓርክ» ካላችሁ ይበቃል።

ትምህርቱ አለቀ፣ ሰው ተበተነ፣ አንዲት ልጅ ቀረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻርፕ ያደረገች። 19 ዓመቷ ነው። ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ አልነግራችሁም፣ ታሪኩን ግን «ጻፈው፣ ለሌላው ይጠቅማል» ብላ ፈቅዳልኛለች።

«ዶክተር፣ እርስዎ ስለ ደም ነው ያወሩት፣ እኔ ግን የምጠይቅዎት ስለ ጉልበት ነው» አለችኝ።

«ጠይቂኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ደረጃ ስወርድ ይከዳኛል። ኳስ ስጫወት ደግሞ ዘወር ስል እወድቃለሁ።»

«ኳስ ትጫወቻለሽ?»

ሳቀች። «አሁንማ እሑድ እሑድ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ነው። ድሮ ግን…» ብላ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከ13 ዓመቷ ጀምሮ ፕሮጀክት ውስጥ ነበረች። በ16 ዓመቷ ለታዳጊዎች ውድድር ተመርጣለች። ከ17 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድኑ በዚያ ዓመት ለዓለም ዋንጫ ሊያልፍ ደርሶ ሲቀር በስልክ እያየች አልቅሳለች። «ቀጣዩ ላይ እኔ እሆናለሁ ብዬ ነበር» አለችኝ። በሦስተኛው ወር ጉልበቷ ሄደ።

አንዲት ጎል

ብዙዎቻችሁ ያንን ዓመት ላታስታውሱት ትችላላችሁ፣ የወንዶቹን ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በቃላችን እናውቀው ነበር። 2014 ዓ.ም. ለሴት ታዳጊዎቻችን ልዩ ዓመት ነበር። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን ኡጋንዳ ንጄሩ ላይ በተካሄደው የሴካፋ ውድድር፣ በመጨረሻው ቀን አስተናጋጇን ኡጋንዳን 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ ይዞ መጣ። ይኸው ቡድን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ታንዛንያን ጥሎ የመጨረሻው ዙር ላይ ደረሰ፤ እዚያ ጋና አስቀረችው። ኮስታሪካ ለመሄድ አንድ ደርሶ መልስ ነበር የቀረው።

ከ17 ዓመት በታቾቹማ ይባስ። ግንቦት ላይ የመጨረሻውን ዙር ከናይጄሪያ ጋር ተጫወቱ። አዲስ አበባ ላይ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም 1 ለ 0 ተሸነፉ፣ አቡጃ ላይ 0 ለ 0 ወጡ። በቃ። በ180 ደቂቃ ውስጥ ልዩነቱ አንዲት ጎል ናት። ያቺው ናይጄሪያ ሕንድ ሄዳ በዓለም ዋንጫው ሦስተኛ ወጣች። በዓለም ሦስተኛ ከሆነ ቡድን ጋር ልጆቻችን የአንዲት ጎል ልዩነት ነበራቸው ማለት ነው።

ጎረቤቶቻችንን ደግሞ እዩ። ታንዛንያ እዚያው ሕንድ ላይ ተሳትፋ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ኬንያ ግንቦት 2016 ዓ.ም. እኛን ጥላ አለፈችና ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ላይ ሜክሲኮን 2 ለ 1 አሸነፈች። በወንድም በሴትም ኬንያ በፊፋ ዓለም ዋንጫ ስትገኝ የመጀመሪያዋ ነበር፣ በሩን የከፈቱት ከ17 ዓመት በታች ሴቶች ናቸው።

ይህንን ሁሉ የምነግራችሁ ለቁጭት አይደለም (ትንሽ ለቁጭትም ነው፣ አልዋሽም)። የልጆቹ ዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውዚላንድ ላይ ሲጀመር 16 ቡድን ነበር፣ በየሁለት ዓመቱ። አሁን 24 ቡድን ሆኗል፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 እስከ 2029 ደግሞ በየዓመቱ ሞሮኮ ላይ ይካሄዳል። ለአፍሪካ አምስት ቦታ አለው። ዛሬ 13 እና 14 ዓመት የሆናት፣ ሳቢያን ወይም መጋላ ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ጫማ የምትሮጥ ልጅ ዕድሏ ከዚያ ትውልድ ይሰፋል። እንግዲህ እኔ እንደ ሐኪም የምጠይቀው፦ እስከዚያ ሰውነቷን ማን ይጠብቅላታል?

አሸናፊነት የተሠራው በምግብና በጉልበት ብቻ ነው አልልም። ሜዳ አለ፣ ሊግ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ አሰልጣኝ አለ። ስለዚያ የስፖርት ጋዜጠኞች ይጻፉ። እኔ በማውቀው ልናገር።

ጉልበቷ እንዴት እንደሄደ

ማንም አልነካትም። ይህንን በደንብ ያዙልኝ። በጭንቅላት ኳስ ልትመታ ዘላ በአንድ እግሯ አረፈች፣ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ «ጷ» የሚል ድምፅ ሰማች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጉልበቷ እንደ ዳቦ ተነፋ። ይህ ታሪክ ብቻውን፣ ምንም መሣሪያ ሳይነካት፣ «የፊተኛው ተሻጋሪ ጅማት ተበጥሷል» ብሎ ለመጠርጠር ይበቃል። ኤሲኤል የሚባለው እሱ ነው። ጉልበት መሀል ሆኖ የታችኛው አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ገመድ። ሲበጠስ ደም ጉልበት ውስጥ ስለሚፈስ ነው በፍጥነት የሚያብጠው።

እሷ ግን ወጌሻ ጋ ተወሰደች። በቅቤ ታሸች። ያማታል ስትል ዳይክሎፌናክ ተወጋች። በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ስለጎደለ «ድነሻል» ተብላ ገባች፣ በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ደግማ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ስሟን የጠራ የለም። ትምህርቷም ተንገዋለለ፣ አክስቷ ጋ መጣችና ሥራ ገባች።

ወጌሻን ለመሳደብ አይደለም። ወለምታና ጡንቻ መሸማቀቅ ላይ እጃቸው የሚያሳርፍ ሰዎች አሉ። ግን ልጃችሁ እየተጫወተች ጉልበቷ «ጷ» ብሎ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ መታሸት የለበትም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አድርጉ፣ ከፍ አድርጉት፣ በስሱ አስሩት፣ በማግስቱ የአጥንት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይያት። እብጠት መቀነስ መዳን አይደለም። የተበጠሰ ገመድ ሕመሙ ይጠፋል፣ ገመዱ ግን እዚያው ተበጥሶ ነው የሚቀረው። በላዩ ላይ ስትጫወት ደግሞ ሜኒስከስ የሚባለውን ትራስ ትቀዳለች፤ ያ ነው በ35 ዓመቷ የአሮጊት ጉልበት የሚሰጣት።

አሁን ወደ ዋናው። በኳስ ሜዳ ላይ ሴት ልጅ ይህንን ጅማት የመበጠስ ዕድሏ ከወንድ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፣ የሚብሰውም በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። ልክ ለታዳጊ ቡድን በምትመረጥበት ጊዜ። ለምን? አንዱ ምክንያት የሰውነት አሠራር ነው፣ ዳሌ ሲሰፋ ጉልበት ወደ ውስጥ የማጋደል ዝንባሌ ይኖረዋል። ቁመቷ በድንገት ይጨምራል፣ ጡንቻዋ ግን እኩል አይከተልም። ሌላው ግን ሰው ሠራሽ ነው። ወንዶቹ ከልጅነታቸው እየዘለሉ፣ ግንብ እየወጡ ነው የሚያድጉት፤ ሴቷ ውኃ ስትቀዳ፣ ቤት ስትጠርግ ቆይታ በ14 ዓመቷ ሜዳ ትገባለች። ዘሎ ማረፍን ማንም አላስተማራትም።

ደስ የሚለው ነገር መማር የሚቻል መሆኑ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ወደ 1,900 የሚጠጉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ጥናት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ግማሾቹ ቡድኖች እንደ ልማዳቸው አሟሟቁ፣ ግማሾቹ ደግሞ ፊፋ «11+» ብሎ ያሰራጨውን የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ሠሩ። በሁለተኞቹ ላይ አጠቃላይ ጉዳት በሲሶ ያህል፣ ከባድ ጉዳት ደግሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቀነሰ። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በስንት ብር ይሸጥ እንደነበር አስቡት። ይህ ግን ነጻ ነው። ኳስና ሜዳ ይበቃዋል።

ምንድን ነው የሚሠራው? በመጀመሪያ ስምንት ደቂቃ ቀለል ያለ ሩጫ፣ ጉልበት ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እየከፈቱ፣ ከጓደኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ጡንቻና ሚዛን፦ ፕላንክ በፊትና በጎን፤ ጓደኛዋ ቁርጭምጭሚቷን ይዛላት በጉልበቷ ተንበርክካ ቀስ እያለች ወደ ፊት መውደቅ (የኋላ ጭኗ የሚጮኸው እዚህ ጋ ነው)፤ በአንድ እግር ቆማ ኳስ መቀባበል፤ ስኳት፤ ዝላይ። በመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ፈጣን ሩጫና አቅጣጫ መቀየር። ሁሉም ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ ስታርፍ ጉልበቷ ከእግር ጣቷ በላይ ቀጥ ብሎ ይሁን፣ ወደ ውስጥ አይግባ፣ ድምፅ ሳታሰማ እንደ ድመት ትረፍ። አሰልጣኞች፣ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። «ዷ» ብላ ካረፈች ልክ አይደለም።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢያንስ። «ጊዜ የለንም» የሚል አሰልጣኝ ያጋጥመኛል። በሜዳው ዙሪያ አምስት ዙር የሚያስሮጥበት ጊዜ ግን አለው።

ደሟስ?

ጉልበቷን ስመረምር እጇ ነጭ ነበር። የዓይኗን ታች ገልጬ አየሁ፣ ገርጥቷል። «ትደክሚያለሽ?» አልኳት። «ሥራ ነዋ» አለች። «ስትሮጪስ?» «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጨለማ ይመጣብኛል። ከድሮም እንደዚያ ነበርኩ። አሰልጣኜ ሰነፍ ነሽ ይለኝ ነበር።»

ላብራቶሪ ላክኋት። ሄሞግሎቢኗ 10.9፣ ፌሪቲኗ 6። ፌሪቲን ማለት የአይረን ጎተራ ነው፣ 15 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ይቺ ልጅ ምናልባት ለዓመታት ባዶ ጎተራ ይዛ ስትሮጥ «ሰነፍ» ትባል ነበር። እንደዚህ ሲገጥመኝ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሕክምናው ርካሽ ነው።

በአገራችን የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ ደም ማነስ ነበረባቸው። ከአራት አንዷ ማለት ነው። አንድ ቡድን ሜዳ ላይ 11 ልጅ ያሰልፋል፣ ሒሳቡን ለእናንተ ልተው። ደም ማነስ ደረጃ ላይ ሳይደርስ አይረኑ ብቻ ያለቀባቸው ደግሞ ከዚህ ይበልጣሉ፣ እነሱን ሲቢሲ ብቻውን አያሳያቸውም።

ከፍታ ላይ ለምትኖሩ አንድ ማስጠንቀቂያ። «12 ከሆነ ደህና ነው» የሚባለው ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ሰውነት አየር ስለሚያጥረው ደም ይጨምራል፣ ስለዚህ መለኪያው ላይ አንድ ግራምና ከዚያ በላይ መደመር አለበት። አዲስ አበባ ሆና 12.3 የወጣላት ተጫዋች ወረቀቷ ላይ «ኖርማል» ቢልም ለእኔ ኖርማል አይደለችም። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ልዩነቱ ትንሽ ነው።

«ጤፍ እየበላን እንዴት አይረን ያንሰናል?» ይህንን ጥያቄ በሳምንት አሥር ጊዜ እሰማለሁ። ጤፍ ውስጥ የሚለካው አይረን ትልቁ ክፍል አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለው ነው፣ ሰውነት እንደፈለገ አይጠቀምበትም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት ደግሞ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አብሲት የገባበት እንጀራ ይሻላል፤ ግን «እንጀራ በልቻለሁ፣ ጨርሻለሁ» አያስብልም።

ምን ትብላ? ሥጋ ካገኘች ትንሽም ቢሆን። ድሬ ላይ የግመል ሥጋ አለ፣ ጉበት አለ። ካልተገኘ ምስር፣ ፉል፣ ሹሮ፣ ግን ከጎናቸው ሎሚ ይጨመቅበት፣ ቲማቲም ይከተፍበት፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ይከተለው። ቫይታሚን ሲ የእህሉን አይረን ሰውነት እንዲወስደው በብዙ ይረዳዋል። አሁን ስለ ቡናው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጣ አይረኑን ያስቀረዋል፣ ሻይ ደግሞ ይብሳል። አትጠጪ አልልም፤ እኔም አልተውኩም። ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቅ በቃ። ይቺ ልጅ ምሳዋ ዳቦ በሻይ ነበር፣ ከሥራ ቀን አምስቱን።

የአይረን ኪኒን ግን ሳትመረመሩ አትዋጡ። ደሙ ለምን አለቀ የሚለው መታወቅ አለበት። የወር አበባዋ ከሰባት ቀን በላይ ይቆያል? በየሰዓቱ ሞዴስ ትቀይራለች? የረጋ ደም ይመጣል? የአንጀት ትል አለ? ወባ ነበረባት? ኪኒኑ ከታዘዘ በኋላም ሰገራ ጥቁር ሲሆን ተደናግጣችሁ አታቁሙ፣ የተለመደ ነው። ሆድ ካስቸገራት ቀን እየዘለለች እንድትወስድ ሐኪሟ ሊያስተካክልላት ይችላል።

አሰልጣኝ የማይጠይቀው

የወር አበባ። አብዛኛው አሰልጣኝ ወንድ ነው፣ እሱም ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች። በመሀል የሚጠፋው መረጃ ግን ቀላል አይደለም። ብዙ የምትሰለጥንና ጥቂት የምትበላ ልጅ ሰውነቷ «ለዚህ የሚበቃ ጉልበት የለኝም» ብሎ መጀመሪያ የሚያጠፋው መብራት የወር አበባን ነው። ሦስት ወር በተከታታይ ከቀረ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ገና ካልጀመረች፣ መታየት አለባት። «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው፣ ያጋጥማል» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ሆርሞኑ ሲጠፋ አጥንት ይሳሳል። የሰው አጥንት አብዛኛው ክምችት የሚገባው ደግሞ እስከ 18 ዓመት ነው፣ ባንኩ ከዚያ በኋላ ብዙ ተቀማጭ አይቀበልም። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ችግር ስም ሰጥቶ መመሪያ አውጥቷል። ሕክምናው በአብዛኛው ኪኒን አይደለም፣ ምግብና ዕረፍት ነው። እርግዝና ግን አስቀድሞ መጣራት አለበት፣ ያለ ጩኸትና ያለ ፍርድ።

በጾም ወራት ተጫዋች ያላችሁ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ልምምዱን ከምግቡ ሰዓት ጋር አስጠጉት። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ቀለል ያለ ልምምድ ማድረግ በምሳ ሰዓት ፀሐይ ከመሮጥ ስንት እጥፍ ይሻላል።

ሌላም የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ ሻርፕ። የድሬ እናቶች «ልጄ ኳስ ብትጫወት ፀጉሯን ያስገልጧታል» ብለው ያስቀሯታል። አይ። ፀጉር መሸፈን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በጨዋታ ሕጉ የተፈቀደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዮርዳኖስ ባስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች ሴቶች ዓለም ዋንጫ የአስተናጋጇ ልጆች ሻርፕ አድርገው ተጫውተዋል። በጤና በኩል የምለው፣ ስፒል አይኑርበት፣ አንገት ላይ አይጠምጠም፣ ጨርቁ ላብ የሚያሳልፍ ይሁን። የጡት መያዣም እንደዚሁ፣ ደንበኛ የስፖርት ይሁን። በግንቦትና ሰኔ የድሬ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ልብስ ቀልድ አይደለም።

ሙቀትን ካነሳሁ አይቀር። ፊፋ ሙቀትን ከእርጥበትና ከፀሐይ ጋር ደምሮ በሚለካ መለኪያ 32 ሲደርስ ጨዋታው ለውኃ እንዲቆም ያዛል። እኛ ሰፈር መለኪያው የለንም፤ ስለዚህ ልምምዱን ማለዳ 12 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጉት፣ ውኃ መጠጣት እንደ ቅጣት አይከልከል። ግራ የምትጋባ፣ የምትለፈልፍ፣ ላቧ የቆመ ልጅ ካያችሁ ጥላ ሥር አስተኝታችሁ ውኃ አፍሱባት፣ እያፈሰሳችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። ራሷን ተመትታ የደነገዘች ልጅም በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አትመለስም፣ «እችላለሁ» ብትልም።

ኮተን

እዚህ ጋ ትንሽ ልውጣ። ፋብሪካና ኳስ በድሬዳዋ አዲስ ነገር አይደለም። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ ከአንዴም በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ሽማግሌዎቹ «ኮተን» ሲሉ አሁንም ዓይናቸው ይበራል። ሠራተኛ ቀን ጨርቅ ሠርቶ ማታ ኳስ ያየ ከተማ ነው። ዛሬ ድሬዳዋ ከተማ የሴቶች ቡድን አላት፣ በሴቶች ፕሪምየር ሊግ ትጫወታለች። እሑድ መልካ ጀብዱ ሜዳ ላይ የቆምኩ ጊዜ እነዚያ በሥራ ሳምንት የደከሙ ልጆች ሲሮጡ አይቼ ያሰብኩት ይህንን ነው፦ ከእነዚህ ውስጥ ስንቷ ናት የ16 ዓመት ጉልበቷን ይዛ የመጣችው?

ሎዛ አበራን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ላይ ለቢርኪርካራ በአንድ የሊግ ዘመን 30 ጎል ያገባች። ተሰጥኦ ከትንሽ ከተማ ይወጣል። ጤናም አብሮ ካልወጣ ግን እዚያው ትንሽ ከተማ ይቀራል።

ልጅቷ የት ደረሰች?

ጉልበቷን በእጅ ፈተና ስመረምር ጅማቱ እንደሌለ ግልጽ ነበር፣ ኤምአርአይ አረጋገጠው። ትራሱም ትንሽ ተቀዷል። ቀዶ ጥገና አለ፣ ግን ወጪው ለእሷ ደመወዝ ከባድ ነው፣ ከዚያ በኋላም ቢያንስ የዘጠኝ ወር ማገገሚያ ይፈልጋል። ስለዚህ ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር ተመካክረን በጡንቻ ማጠንከሪያ ጀመርን። ይህ ለሁሉም አይሠራም፣ ለእሷም ወደ ውድድር ኳስ አይመልሳትም ይሆናል፤ ይህንኑ ነገርኳት። አልቅሳ «እሺ» አለች።

ከሦስት ወር በኋላ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሄሞግሎቢን 12.6። ፌሪቲን 31። «ዶክተር፣ ደረጃ ላይ አልወድቅም። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጨለማው የለም፣ ግን አልጫወትም፣ እንዳሉኝ ነው» ትላለች። እሑድ እሑድ ከጨዋታ በፊት 20 ደቂቃውን የምታሠራው እሷ ሆናለች። 14 ልጆች ተሰልፈው ዝላይ ሲለማመዱ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንዷ «ዷ» ብላ ስታርፍ ከካሜራው ጀርባ «እንደ ድመት ነው ያልኩሽ!» ስትል ይሰማል።

ከዚያ ሌላ መልእክት መጣ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ታናሽ እህቷ ናት። 14 ዓመቷ ነው፣ ፕሮጀክት ውስጥ ናት፣ ፈጣን ናት አሉ፣ ከእሷም ትበልጣለች። «ወር አበባዋ አራት ወር ሆነው ከቀረ። ለእናቴ አልነገረችም፣ ለእኔ ነው የነገረችኝ። አሰልጣኟ ክብደት ቀንሺ ብሏታል፣ ማታ አትበላም። ልምምድ ታቁም እንዴ? የክልል ምርጫ በሚቀጥለው ወር ነው።»

የመለስኩላት እንዲህ ነው፦ አታስቁሚያት፣ ግን እስክናያት ከባዱን ሩጫ ትቀንስ። ማታ ትብላ፣ ዛሬውኑ። ሰኞ ጠዋት ሁለታችሁም ኑ፣ ደም እንወስዳለን፣ ቁመቷንና ክብደቷን እናያለን። እናትሽን ይዘሽ ብትመጪ ደስ ይለኛል፣ ካልሆነም አንቺ ትበቂያለሽ። ለአሰልጣኙ ደግሞ የምሰጠው ደብዳቤ አለኝ።

«ሰኞ የማታ ፈረቃ ነኝ፣ ጠዋት እንደርሳለን» አለችኝ።